«ጉዳት አልታየበትም» ስላላችሁት የሞተር ክዳን

ለተከበረው የመንገድ ቁፋሮና የተሽከርካሪ ምርመራ ጥምር ጽሕፈት ቤት፣
ለተከበሩት ኃላፊና ለመላው ሠራተኞች፣
አርባ ምንጭ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከወገቤ ጎንበስ ብዬ አቀርባለሁ። እንደምን ከርማችኋል? ጤናችሁ፣ ወንበራችሁ፣ ማኅተማችሁ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና ባልሆንም ያንን የሚያረጋግጥ ወረቀት ስለሌለኝ፣ ደኅና ነኝ ማለቱ ለሁላችንም ይቀላል።

በላንቴ ሙዝ የማለማ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርኩ እናት ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ አራት ቀን ወስዶብኛል። ቀስ ብዬ የምጽፈው ፊደል ጠፍቶኝ ሳይሆን፣ በወረቀት ላይ የተጻፈ አንድ መስመር የሰው ስም እንዴት እንደሚያጠፋ ከእናንተ ስለተማርኩ ነው።

መርዶው የደረሰኝ ባለፈው ኅዳር፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ከሙዙ ሥር የበቀለውን ቡቃያ እየነቀልኩ ሳለ ነው። ጎረቤቴ ልክነሽ ነጠላ እንኳ ሳትደርብ መጣችና «ደግነት ትንሽ ወድቆ ነው፤ እጅሽን ታጠቢና እንሂድ» አለችኝ። ትንሽ ለወደቀ ልጅ ያን ያህል ሰው አጥሬ ሥር አይቆምም ነበር። እጄን ግን ታጠብኩ። የተባልኩትን የማደርግ ሰው ነኝ፤ ይህንን ጠባዬን እናንተም በኋላ በደንብ ተጠቅማችሁበታል።

ልጄ ደግነት ክብሩ የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ነበር። በመስኖ ምህንድስና ተመርቆ፣ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ በሞተር ሳይክሉ ከላንቴ ወደ ከተማ ሰው ያመላልስ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ብቻውን ነበር። ለውሃ ቧንቧ ብላችሁ መንገዱን አቋርጣችሁ የቆፈራችሁት፣ የሌሊቱ ዝናብ ሞልቶት መንገድ የመሰለው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ከጉድጓዱ ጠርዝ ቀና ብሎ የቀረ ፌሮ የሞተሩን የጎን ክዳን በስቶ ዘይቱን አፈሰሰው። ልጄም ከዚያ አልተነሳም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ጥንቃቄያችሁ አመሰግናለሁ። ልጄ በተቀበረ ማግስት በጉድጓዱ ዙሪያ ቀይና ነጭ ሪባን ወጥራችኋል። ነፋስ ሲነፍስ በጣም ያምራል። ደግነት ከእንግዲህ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ እንደማይገባ ሙሉ እምነት አለኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሪፖርታችሁ አመሰግናለሁ። «አሽከርካሪው ከመጠን ባለፈ ፍጥነት ሲያሽከረክር በራሱ ጥፋት ወድቋል» ይላል። በዕለቱ ቦታው ላይ ያልነበረ ሠራተኛችሁ የልጄን ፍጥነት በዚህ ልክ ማወቁ አስደንቆኛል፤ እኔ እናቱ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያላየሁትን ፍጥነት እሱ በአንድ ጠዋት አይቶለታል። ደግነት ደጋግመው ካልጠሩት ወደ ገበታ የማይመጣ፣ ጫማውን አስሮ እስኪጨርስ ሰው የሚያሰለች ልጅ ነበር። ተሳፋሪዎቹ ሳይቀሩ «ኧረ ደግነት፣ በእግራችን ብንሄድ እኮ እንቀድምሃለን» እያሉ ያሾፉበት ነበር። ከመካከላቸው አንዱን እንኳ ጠይቃችሁ ቢሆን ኖሮ ሪፖርቱ ይዘገይ ነበር፤ ለመዘግየት ደግሞ ጊዜ እንደሌላችሁ ይገባኛል።

ሦስተኛ፣ ይህቺ መስመር እንድትታረም ለማመልከት በመጣሁ ጊዜ በሦስተኛው መስኮት ያሉት ሠራተኛ ስላሳዩኝ ትሕትና አመሰግናለሁ። «እናቴ፣ ፋይሉ እንደገና የሚከፈተው ሞተሩ የቴክኒክ ምርመራ ሲያልፍ ነው። ክዳኑ የተሰበረ ሞተር ደግሞ አያልፍም። ይቀይሩትና ያምጡት» አሉኝ። የሞተ ሰው ሞተር ለመንገድ ብቁ መሆን ለምን እንዳስፈለገው ስጠይቃቸው «አሠራሩ ነው» አሉኝ። አሠራር የሚያውቅ ሰው ሲናገር ደስ ይላል። እኔም የተባልኩትን ላደርግ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የቀየርኩት እዚያው ግቢዬ ውስጥ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ነው። ጋራዥ ያልወሰድኩት የልጄን ሞተር ባዕድ ሰው ሲረግጠው ማየት ስላልቻልኩ ነው። የደግነት ጓደኛ አሞጽ ሞተር ጠጋኝ ነው፤ መፍቻዎቹን ይዞ መጣ። «አንተ ንገረኝ፤ የምሠራው እኔ ነኝ» አልኩት። ትንሽ አየኝና እሺ አለ።

መጀመሪያ ዘይቱን ለማውረድ ከሥሩ ሳፋ አስቀመጥን። የወረደው አንድ ስኒ አይሞላም፤ ቀሪው መንገዱ ላይ ቀርቷል። ከዚያ ዘጠኙን ቡሎኖች አንድ በአንድ ፈታሁ። ርዝመታቸው ስለሚለያይ አሞጽ ካርቶን ላይ የክዳኑን ቅርጽ ሣለና እያንዳንዱን በወጣበት ቦታ ልክ እንድሰካው አደረገኝ። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ሲጠብቅ ብረቱን ይሰነጥቃል አለኝ። አንድ ነገር ከራሱ ቦታ ውጪ ሲቀመጥ ሌላውን እንደሚሰነጥቅ ሞተር ጠጋኝ ያውቃል። ስለ ጥፋትም ይኸው ደንብ ይሠራ እንደሆነ ጽሕፈት ቤታችሁን ለመጠየቅ አስቤ ነበር፤ ተራዬ ሳይደርስ መስኮቱ ተዘጋ።

የተበሳውን ክዳን አወጣሁት። በክዳኑና በሞተሩ መካከል ዘይት እንዳያፈስ የሚገባውን አሮጌ ጋስኬት በምላጭ ፋቅሁ፣ በቤንዚን በነከርኩት ጨርቅ ወለወልኩ፣ አዲሱን ጋስኬትና አዲሱን ክዳን ገጠምኩ። ቡሎኖቹንም አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያፈራረቅሁ፣ ጥቂት በጥቂት አጠበቅሁ። እጄ ሲዘገይ አሞጽ «እናቴ፣ በቃ ደግነት ነሽ! እሱ አንድ ቡሎን እስኪያጠብቅ እኔ ሦስት ሞተር እጨርስ ነበር» አለኝ። ልጄ ከሞተ ወዲህ የሳቅሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ለዚህም ቢሆን እናንተን ማመስገን አለብኝ፤ ባታዙኝ ኖሮ አልስቅም ነበር።

አራተኛ፣ ሞተሩ ምርመራውን አለፈ። መርማሪያችሁ «ማን ነው የገጠመው? ጎበዝ ነው» አሉ፤ አሞጽ ወደ እኔ ጠቆመ፤ እሳቸውም ማኅተሙን መቱ። ፋይሉ በተባለው መሠረት ተከፈተ። ከሁለት ሳምንት በኋላም ውሳኔያችሁ በደብዳቤ ደረሰኝ። እንዲህ ይላል፦ «ሞተር ሳይክሉ በባለሙያ ተመርምሮ በሞተሩ አካል ላይ ምንም ጉዳት አልታየበትም። ስለሆነም ከጉድጓድና ከብረት ጋር ተጋጭቷል በሚል የቀረበው አቤቱታ መሠረት የለውም።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንድቀይር ያዘዛችሁኝን ክዳን ቀየርኩ፤ ስለቀየርኩትም መጀመሪያውኑ አልተሰበረም። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ በዕድሜዬ አላየሁም። በሁለት ዓረፍተ ነገር ጉድጓዱን በወረቀት ላይ ደፈናችሁት። መንገዱ ላይ ያለው ግን እስከ ዛሬ ሪባኑን ለብሶ ተቀምጧል።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በራሱ ጥፋት ወድቋል» የምትለውን ያቺን መስመር ሰርዙልኝ። መቃብሩ ላይ ያለው መስቀል የልጄን ስም ይዟል፣ ፋይላችሁ ደግሞ ጥፋቱን ይዟል። መስቀሉ እንጨት ነው፤ ምስጥ ይበላዋል። የእናንተ ፋይል ግን በብረት ሣጥን ውስጥ ነው።

በእኛ በጋሞዎች ዘንድ በደል ሲኖር ሰው የሽማግሌዎች ሸንጎ በሚቀመጥበት አደባባይ፣ ዱቡሻ ላይ ይቀመጣል። የበደለ ሰው ተነስቶ «እኔ ነኝ» ይላል፤ ሽማግሌዎችም እርጥብ ሣር ይዘው ያስታርቁታል። ፎርም የለውም፣ መስኮትም የለውም። በመጪው ቅዳሜ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ወደ ሠፈራችን ዱቡሻ መጥቶ «ጉድጓዱ የእኛ ነው» ቢል፣ እኔ ከመቀመጫዬ ተነስቼ ይቅር እላለሁ። ይህንን የምለው አላግጬ አይደለም። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያላላገጥኩበት ቦታ ይኸው ነው።

ጊዜያችሁን ስለሰጣችሁኝ፣ ስላመላለሳችሁኝ፣ በስተርጅና ሙያ ስላስተማራችሁኝ፣ ሪባኑንም በየጊዜው ስለምትቀይሩት እያመሰገንኩ፣ ማኅተማችሁ እንዳይደርቅ፣ የምትሄዱበትም መንገድ ሁሉ ደልዳላ እንዲሆን በመመኘት፣

የዘወትር አክባሪያችሁ፣
አገኘሽ ሀይሌ
የደግነት ክብሩ እናት
ላንቴ

ማሳሰቢያ፦ ክዳኑን እንድቀይር አዛችሁኛል፤ አሮጌውን እንድጥል ግን አላዘዛችሁኝም። እኔ ደግሞ የተባልኩትን ብቻ የማደርግ ሰው ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ ከአሞጽ ጋር ወደ ጉድጓዱ ወስደን፣ ቀዳዳውን ከፌሮው ጫፍ ጋር አገናኘነው። አንገት በሸሚዝ ውስጥ እንደሚገባ ገባ፤ ሠፈሩ ሁሉ ቆሞ አየ። ቅዳሜ ዱቡሻው ላይ ይቀመጣል፤ ለማየት ማኅተም አይጠየቅም። ጉድጓዱን እስካሁን ስላልደፈናችሁልኝ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ይህንን ለምታነቡ ሌሎች ሰዎችም አንድ ልመና አለኝ። አሞጽ በእምነቱ ለሞተ ስለማይጸልይ ለእኔ ይጸልይልኛል፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ለሞተ የምትጸልዩ ግን ልጄን አስቡልኝ። የክርስትና ስሙ ተክለወልድ ነው። ስትጸልዩለትም አትቸኩሉ፤ እሱ ቀስ ማለት ይወድ ነበር።