በበጋ የተፈተነ አፈር

ነሐሴ 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ጠዋት ኢንጂነር የወይንሐረግ ጌታቸው ሰበታ በሚገኘው ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ለፍልሰታ ወጥ ምስር እየለቀሙ ነበር። ደረታቸውን ያዝ አደረጉና ትሪውን ለልጃቸው ለማርያማዊት አቀበሏት።

ኢንጂነር የወይንሐረግ ከአባታቸው ከአቶ ጌታቸው ወልደሰማያትና ከእናታቸው ከወ/ሮ ተረፈች ሞገስ በ1959 ዓ.ም. በሱሉልታ ተወለዱ። በዚያውና በጫንጮ ተምረው፣ ከዩኒቨርሲቲ በ1983 ዓ.ም. በሲቪል ምህንድስና ተመረቁ። በ1987 ዓ.ም. ከመምህር ወንዳፍራሽ ደምሴ ጋር ትዳር መሥርተው ማርያማዊትንና ዕድላዊትን ወለዱ።

የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት በአንድ የግል የአፈር ላቦራቶሪ ነው። ከመሬት የወጣ ናሙና ጥንካሬው በየትኛው ፍተሻ እንደሚለካ የሚወስኑት እርሳቸው ነበሩ። መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር በበጋ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ክረምት ሲገባ ይላላል። ስለዚህ ተዳፋት ላይ ለሚሠራ ግንብ ናሙናው ውሃ ጠግቦ በዝግታ እንዲፈተን ያዝዙ ነበር። ይህ ሳምንታት ይፈጃል፤ ናሙናውን ውሃ ሳያጠጡ እንዳለ ጨምቆ የሚሰብረው ፈጣን ፍተሻ ግን የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ደንበኞች አልወደዱላቸውም። አንድ የቡራዩ ባለንብረት «እኔ ግንቡን የምሠራው በበጋ፣ እናንተ ለምን በክረምት ትፈትኑብኛላችሁ?» ብሎ ላቦራቶሪውን አስቆ ነበር።

በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ላይ በተነሣው ተቃውሞ መንገድ ሲዘጋ፣ ከዚሁ ባለንብረት ቦታ የወጡት ናሙናዎች መኪና ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ሰነበቱ። ላቦራቶሪ የደረሱት ደርቀውና ተሰነጣጥቀው ነው። ኢንጂነር የወይንሐረግ እንዲጣሉና እንደገና እንዲቆፈር ጠየቁ። የላቦራቶሪው ሥራ አስኪያጅ «ወይንዬ፣ አገር እየነደደ አንቺ ስለ ጭቃ ታወሪያለሽ?» አላቸው። «ዛሬ እኔ ዝም ካልሁ ክረምት ላይ ጭቃው ራሱ ይናገራል» ብለው አልፈርምም አሉ። የደረቀው ናሙና በፈጣኑ ፍተሻ ጠንካራ ሆኖ ተገኘ፤ ሌላ ሰው ፈረመ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በዚህ ውጤት የተሠራው ግንብ ተንሸራቶ ከሥሩ በኪራይ ይኖሩ የነበሩትን ነጋዴዎች፣ አቶ ሀሰኖንና ባለቤታቸውን ወ/ሮ ጠይባን፣ ከነቤታቸው ቀበራቸው። አጣሪዎች «ሁከተኞች ከሥሩ ቆፍረው ጣሉት» አሉ። የሰፈሩ ወጣቶች ታሰሩ፤ ከታሰሩት አንዱ የሟቾቹ ልጅ አክመል ነበር። ኢንጂነር የወይንሐረግ ሥራቸውን እንደሚያጡ እያወቁ ፍርድ ቤት ቀርበው ግንቡን የጣለው ውሃ የጠጣ አፈር መሆኑን መሰከሩ። ሥራቸውን አጡ፤ የታሰሩት ወጣቶች ግን አልተፈቱም። በ2010 ዓ.ም. የወጡት በይቅርታ ነው። ባልሠሩት ጥፋት ይቅር መባላቸው ኢንጂነር የወይንሐረግን እስከ መጨረሻው አንገበገባቸው። ያ የፈረመው ሰው ዛሬም ይፈርማል።

ከዚያ ወዲህ ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ በዚያው ነሐሴ 9 ቀን ከቀትር በኋላ በተወለዱ በ56 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውና ሁለቱ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ። ምድር የነፈገቻቸውን ፍርድ እግዚአብሔር በመንግሥቱ ይስጣቸው፤ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍ።

በቀብራቸው ማግሥት፣ ዛሬ ማለዳ፣ አክመል ከቡራዩ መጥቶ፣ የዝናቡ ውሃ መቃብራቸው ላይ እንዳይተኛ በዙሪያው ቦይ ቆፈረ። ውሃው ወደ ታች መውረዱን ቆሞ አየ። አካፋውን አጥቦ አጥሩ ላይ አስደግፎ አቆመው።