ጊደር በግራፊክስ ካርድ

ረቡዕ

ዛሬም አንድ ሰው አስመለሰ። የባንክ ቤት ሠራተኛው ሀብታሙ ነው፤ መነጽሩን በወጉ እንኳ ሳያወልቅ። ባልዲውን ደረስኩለት እንጂ ምንጣፉ አልቆለት ነበር። "ይቅርታ የሺ፣ በናትሽ ይቅርታ" እያለ ክራቫቱን በእጁ ይዞ ወጣ። ወለሉን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሌላ ማን አለ።

የዚህ ሳምንት በሽተኞቼ፦
ሰኞ፣ ሁለት የቀበሌ ሠራተኞች። አንደኛው ላብ በላብ ሆኖ መሬት ላይ ተቀመጠ።
ማክሰኞ፣ ፀጉር ሠሪዋ ዘነቡ። ግድግዳ ተደግፋ ወጣች።
ዛሬ ሀብታሙ።

አራዳ ውስጥ፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ይህን ቤት ስንከፍት ባሌ ሙሉቀን "እንዲህ ያለ ጨዋታ በዚህ ሰፈር የለም" ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ የቪአር መነጽር። መነጽሩን ያጠለቀው ሰው ገደል ይወጣል፣ ቦክስ ይገጥማል፣ መኪና ይነዳል፤ ከውጭ ለሚያየው ግን አየር የሚዳብስ እብድ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ተሰልፎ ነበር። አሁን ሰልፉ ወደ ባልዲው ሆኗል።

ሙሉቀን "ካርዱ ነው" ይላል። ምስሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ አርጅቷል፤ ሰው አንገቱን ሲያዞር ምስሉ ዘግይቶ ይከተለዋል፤ ሰውን የሚያዞረው እሱ ነው። አስተማሪ ስለሆነ ማስረዳት ደስ ይለዋል። እኔ ቀኑን ሙሉ እዚህ ስለምቀመጥ ሲያስረዳኝ ይደክመኛል።

ምሳዬን እንደ ልማዴ ከመጋረጃው ጀርባ በላሁ። ለጨጓራዬ መድኃኒት ስለምወስድ የንስሐ አባቴ ዘንድሮ እየበላሽ ጹሚ ብለውኛል። ቢሆንም ሁዳዴ ነው፤ ሰው ሲያየኝ ያሳፍረኛል። ቶሎ ቶሎ ጎርሼ፣ አፌን ጠርጌ ወጣሁ።

ሐሙስ

ሰው ድርሽ አላለም። የትናንቱ ወሬ ደርሷል ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ የመጣ ነጋዴ ያገለገለ ካርድ ይዞ እስከ ማክሰኞ እዚሁ እኛ ከተማ፣ ፒያሳ ነው ያለው። ሙሉቀን አይቶት ከመጣ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። በእጃችን ያለው ገንዘብ አይበቃም። የሚሸጥ ነገር ያለኝ አንድ ብቻ ነው፤ ከደባርቅ ወዲያ፣ ገጠር ድብ ባሕር አባቴ ግቢ ያለችው ጊደር።

ቦራ ትባላለች፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። እናቴ ሳትሞት "ይቺ የየሺ ናት" ብላ በስሜ የለየቻት ላም ልጅ ናት። ላሚቱ አምና ሞተች። እንግዲህ በስም የኔ ትሁን እንጂ የሚያበላት አባቴ፣ ወልዳ ወተቷን የሚጠብቀውም አባቴ ነው። ከሷ ሌላ የሚያልበው የለውም።

ደወልኩለት። ቃሉን ሦስት ጊዜ ውጬ በአራተኛው ተናገርኩ። "ያንችው ናት ልጄ። ቅዳሜ ገበያ አወጣታለሁ" አለኝ። ምን ልትገዥበት ነው ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝስ ምን እለው ነበር? ሰው እንዳያስመልስ ልበለው?

ለሙሉቀን ስነግረው ግንባሬን ሳመኝ። ደስ አላለኝም።

ዓርብ

ጠዋት ቁርሴን በልቼ ቤቱን ስከፍት፣ እንደ ሁልጊዜው መጀመሪያ ራሴ ሞከርኩት። ገደሉን እስከ ጫፉ ወጣሁ። ምንም አልሆንኩም። ለምጄው ነው መሰለኝ።

መብራት እስከ አምስት ሰዓት አልነበረም። በምሳ ሰዓት ሦስት ሰው መጣ፤ መቼም ገበያዬ የምሳ ሰዓት ነው። ሦስቱም ተራ በተራ ገረጡ። አንዷ ጫማዋን እያሰረች "ይሄን ቤት ጠበል አስረጩት" ብላኝ ሄደች። እኔም ልቤ ተከፈለ፤ ማን ያውቃል።

ሙሉቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። ለአዲሱ ካርድ ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ አቅሙ ስለማይበቃ እሱም መቀየር አለበት። ደግሞም ኮምፒውተሩ ራሱ ቀርፋፋ ከሆነ ካርዱ ብቻውን ያን ያህል ላይጠቅም ይችላል።

"ላይጠቅም ይችላል?" አልኩት።

"ይጠቅማል፣ ግን..." አለ።

ይሄ "ግን" ትናንት የት ነበር? አባቴን እሺ ካሰኘሁ በኋላ ነው የሚመጣው? ጮህኩበት። ከዚያ መጮኹም ደከመኝና ቁጭ አልኩ።

አባቴ ነገ በማለዳ ይዟት ይወጣል።

ቅዳሜ

ወይ ጉድ፣ ማንም አላመመውም። አራት ሰው ተጫወተ፤ ባልዲው ደረቅ ነው። ሙሉቀን "ቅዳሜ ቢሮው ሁሉ ስለሚዘጋ መብራቱ ኃይል ይኖረዋል" አለ። ይሁንለት።

ሐሳቤ ገበያው ላይ ነው የዋለው። ቦራ እንግዳ ሰው አትወድም። አባቴ ራሱ ድምፁን ካላሰማት አትጠጋውም። የማታውቀው ሰው ሲጎትታት እግሯን ተክላ እምቢ ስትል ታየኝ። ለአባቴ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ቻርጅ የሚያደርገው ጎረቤት ቤት ነው፤ ገበያ የዋለ ዕለት ይዘጋበታል።

ሁለት ጊዜ መልስ ስቼ ለሰው አብዝቼ ሰጠሁ።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ሀብታሙ ከሚስቱ ጋር መጣ። እግሩ ገና ሲገባ ባልዲውን አስጠጋሁለት። ገደሉን ወጣ፣ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ። ሚስቱ "በደባርቅ መንገድ ገደል ሞልቶ እዚህ ከፍሎ ይወጣልኛል!" እያለች ትስቅበታለች። መነጽሩን ሲያወልቅ ፊቱ ደህና ነው።

"ታዲያ ረቡዕ ምን ነክቶህ ነው?" አልኩት።

"እኔ እንጃ። ዛሬ ግን እህል ቀምሼ ነው የመጣሁት" አለኝ፣ እንደ ዋዛ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። ሁሉም በምሳ ሰዓት። የሚበላ ሰውማ በምሳ ሰዓት ምሳውን ይበላል! እኔ ቤት የሚመጣው እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾመው፣ የምሳ ሰዓቱን የሚገፋበት ያጣው ነው። ባዶ ሆዱን ገደል አወጣዋለሁ። ቅዳሜና እሑድ ግን ሰው ጠዋት ይቀምሳል። እኔም በየማለዳው "ለምጄው ነው" የምለው ቁርሴን በልቼ ነው።

አንዱን እንኳ "ቀምሰሃል ወይ?" ብዬ ጠይቄ አላውቅም። "አንቺስ?" እንዳይለኝ ፈርቼ። ስለ ምግብ የሚነሳ ወሬ ሁሉ ወደ መጋረጃው የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። እፍረቴን ደብቄ ስበላ የአባቴን ጊደር ገበያ አስወጣሁ። እኔን ብሎ ነጋዴ!

ለአባቴ ደወልኩ። ዝግ። ደገምኩ። ዝግ። ገበያው ትናንት ነበር።

ሰኞ

በሩ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። "እህል ያልቀመሰ ሰው አናጫውትም። የምትጾሙ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ኑ።" አንዱ አንብቦ "ምግብ ቤት ከፈታችሁ እንዴ?" አለኝ። ይሳቅ።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አምስት ሰው መጣ። ገደል የወጡት፣ ቦክስ የገጠሙት አራቱ ደህና ሆኑ። አምስተኛው መኪና ነዳ፤ ጠግቦ በልቶም ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ሙሉቀን "አየሽ! ካርዱ ነው ብዬሽ አልነበር?" አለ። አልዋሸም። መኪናዋ ስትፈጥን ምስሉ ይቆራረጣል፤ እኔም አይቼዋለሁ።

"ለአንድ የመኪና ጨዋታ አንዲት ጊደር?" አልኩት።

"አንቺ ነሽ እኮ ጊደሯን ያነሳሻት" አለኝ። ይሄም እውነት ነው። ተኳርፈን ዋልን።

አባቴ እስካሁን ዝግ ነው። ተሽጣ ከሆነ የገዛት ማነው? ሰው የገዛትን ጊደር መልስልኝ ተብሎ ይለመናል? ወደ የት ነድቷት ይሆን? ምግቡም አልወረደልኝም። እኔው ራሴ ዛሬ ብጫወት አስመልስ ነበር።

ማክሰኞ

አባቴ መጣ። ጠዋት ቤቱን እየጠረግሁ ቀና ስል ጋቢውን እንደተከናነበ በሩ ላይ ቆሟል። እጁን አየሁ፣ ፊቱን አየሁ። ሸጥካት ወይ ማለት አቃተኝ። ወንበር ሰጠሁት።

"ስልኬ ባትሪው ሞተብኝ" አለ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ፣ "አልሆነልኝም የሺየ። በሁዳዴ ማን ከብት ይገዛል? ገበያው ጭር ብሎ ዋለ። ይዣት ተመለስሁ። ላንች የማልሆን አባት ነኝ። ለዘር ያስቀመጥሁት ገብስ አለ፤ እሱን ልሽጥልሽ ብየ መጣሁ" አለኝ።

የዘር ገብሱን! መጥረጊያውን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ደንግጦ ተነሣ። "ምነው? ምነው ልጄ?" እየተንተባተብኩ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለሚያስመልሱት ሰዎች፣ ስለ ምሳ ሰዓቱ፣ ስለ መጋረጃው። ሰምቶኝ ሲያበቃ "የታመመ ሰው ቢበላ ምን ነውር አለው" አለኝ። ከዚያ መነጽሩን አንሥቶ አገላበጠው።

"ለዚህ ኖሯል?"

"ለዚህ ነው አባየ።"

መልሶ በቀስታ አስቀመጠው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሙሉቀን በምሳ ሰዓት መጥቶ የአባቴን ጉልበት ሳመ። የገብሱን ነገር ስነግረው አንገቱን ደፋ። ወጥቶ ለነጋዴው ደወለና "በቃ፣ ካርዱን ተወው" አለው። ተመልሶ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ የመኪናዋን ጨዋታ አጠፋት። ኩርፊያችን በዚሁ ቀረ። ምሳዬን መጋረጃውን ሳልስበው በላሁ፤ አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ እየጾመ፣ "ብይ እንጂ፣ ደህና አድርገሽ ብይ" እያለኝ።

መናኸሪያ ሸኘሁት። ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል በመስኮቱ ጠራኝ።

"የሺየ፣ ቅዳሜ አንድ ገዥ መጥቶ ነበር።"

"እና?"

"ሸጋ ሰው ነው። ዋጋውም ሸጋ ነበር። ግንባሯን ሲዳብሳት ያች ጉደኛ ዝም አለችው፤ ልትሄድ ነው አልሁ። ጨነቀኝና ዋጋውን ሰቀልሁበት። ተቆጥቶ ሄደ።" ፊቱን አዞረ። "በጦሜ ዋሸሁሽ።"

ሚኒባሱ ተነሣ። ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላስታውስም፤ የሰማኝም አይመስለኝም።

አሁን ቤት ነኝ፣ እግሬን አነባብሬ። ነጋዴው ካርዱን ይዞ ሄዷል። ሁዳዴ ሲፈታ የምሳ ሰዓት ደንበኞቼ ሁሉ ወደ ምሳቸው ይሄዳሉ፤ ያኔ ማን እንደሚመጣልኝ አላውቅም። ሙሉቀንም አላውቅም ይላል። ቦራ ግን ግቢዋ ውስጥ ናት።