የእህቴን ቀሚስ ስላጠበበው ፕሪንተር ለመደብሩ ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የኮምፒውተርና የቢሮ ዕቃዎች መደብር ሥራ አስኪያጅ፤

እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በየመደርደሪያው ላይ አረንጓዴ መብራታቸውን እያበሩ ገዢ የሚጠብቁት ፕሪንተሮችዎም ሁሉ በጤና እንዳላችሁ ተስፋዬ ጽኑ ነው። እኔ በቤቴ ሃያ ሁለት ዓመት ልብስ የሰፋሁ ሴት ነኝ፤ ደኅና ነኝ። ታላቅ እህቴም አሁን ደኅና ናት፤ “አሁን” ያልኩበትን ምክንያት ከዚህ በታች በትሕትና አስረዳለሁ። ደብዳቤዬን በጋዜጣ ማውጣቴም ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ፤ በአስተያየት መስጫ ሳጥንዎ የከተትኳቸው ሁለት ደብዳቤዎች እዚያው ተመችቷቸው ስለቀሩ ነው።

አንደኛ፣ ስለ መስተንግዶው ላመስግን። ቀድሞ የልብስ ንድፍ የማወጣው በእጄ፣ በቡኒ ወረቀት ላይ ነበር። ዓይኔ እየደከመ ሲመጣ የወንድሜ ልጅ የተወችልኝን ኮምፒውተር ተለማመድኩና ንድፉን እዚያ ላይ መሥራት ጀመርኩ፤ የቀረኝ በትክክለኛ ልኩ በወረቀት የሚያወጣልኝ ፕሪንተር ብቻ ነበር። ከኮምፒውተሬ ጋር የማይስማማ ዕቃ እንዳልገዛ ስለፈራሁ የኮምፒውተሩን ዓይነት፣ ዕድሜውን፣ የሚሠራበትን ሲስተም ከነቁጥሩ፣ በጎኑ ያሉትን ቀዳዳዎች ሳይቀር በወረቀት ጽፌ ይዤ መጣሁ። የደንበኞች አማካሪዎ፣ እኛ ቤት “አቶ አይጨነቁ” የምንላቸው ባለ ከረባት፣ ወረቀቴን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ሳያዩት አጣጥፈው የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡበት። ከዚያም አንዱን ፕሪንተር እየደባበሱ ከየትኛውም ኮምፒውተር ጋር እንደሚሠራ አረጋገጡልኝ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስምንት ጊዜ “አይጨነቁ” ተባልኩ፤ ወላጅ እናቴ እንኳ በዕድሜዋ ሙሉ ይህን ያህል አላጽናናችኝም።

ሁለተኛ፣ ካርቶኑን ስከፍት ገመድ አልነበረውም። ገመዱ ለብቻው እንደሚሸጥ የሚገልጸው ጽሑፍ ያለው በካርቶኑ መቀመጫ ላይ ነው። ማንበብ የፈለገ ደንበኛ ወይ ዕቃውን ይገለብጣል ወይ ራሱ ይንበረከካል፤ የታሰበው ትሕትናን ለማስተማር ከሆነ ተሳክቷል።

ሦስተኛ፣ ኮምፒውተሩና ፕሪንተሩ የሚግባቡበት ፕሮግራም በዲስክ ደርሶኛል፤ ኮምፒውተሬ ግን ዲስክ የሚጎርስበት አፍ የለውም። ይህ በዚያች ወረቀት ላይ አራተኛው መስመር ነበር። ከኢንተርኔት ላውርደው ብል ደግሞ ፕሮግራሙ ከእኔ ኮምፒውተር የበለጠ አዲስ ሲስተም ይፈልጋል። ስደውልላቸው አማካሪዎ ሳይጨነቁ ኮምፒውተሩ በራሱ ከሚያቀርባቸው ምርጫዎች “ማንኛውም ፕሪንተር” የሚለውን እንድጫን መከሩኝ። ተጫንኩ፤ አተመ። ደስ ብሎኝ ጎረቤት ጠርቼ አሳየሁ።

አራተኛውን ስጽፍ እጄ ትንሽ ይከብደኛል። ታላቅ እህቴ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ናት። እናታችን ካረፈች በኋላ እኔን አሳድጋ፣ እኔን ድራ፣ ለራሷ ሳታስብ ሃምሳ አንድ ዓመት ሞላት። ባለፈው ዓመት፣ መጽሐፍ እያዘገዩ በመመለስ የታወቁ የጂኦግራፊ መምህር፣ ለካ የሚያዘገዩት በእሷ ለመወቀስ ሲሉ ኖሯል፣ ለጋብቻ ጠየቋት፤ እሺ አለች። ከእኔ የፈለገችው ቀሚሷን እንድሰፋላት ብቻ ነበር። ልኳን ወሰድኩ፤ ንድፉን በኮምፒውተሬ ሠራሁ፤ በእርስዎ ፕሪንተር በሃያ አራት ወረቀት አውጥቼ፣ ወረቀቶቹን አጣብቄ፣ በስንት ፍለጋ የተገኘውን ቀላ ያለ ሐር ቆረጥኩ። ለብሳ በሞከረችው ቀን ዚፑ ወገቧ ላይ ሲደርስ አላልፍ አለ።

እህቴ መስታወቱ ፊት እንደቆመች፣ ጣቶቼ ስፒል ይዘው ስለነበር ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና አማካሪዎን ምናልባት ፕሪንተሩ አሳንሶ አትሞ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። መልሳቸውን እንዳለ አሰፍራለሁ፤ “እመቤቴ፣ ፕሪንተር አያሳንስም፤ የሚጨምረው ሰው ነው” አሉኝ። እህቴ ሰማች። ቀሚሱን ቀስ ብላ አወለቀች፣ አጣጥፋ ወንበር ላይ አኖረችና “እውነታቸውን ነው፤ እኔን በዚህ ዕድሜ ምን ያቅበጠብጠኛል?” አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እራት ተወች፤ ትንሽ ቆይታ ቁርስም ተወች። ሐፍረቴን አልደብቅም፤ እኔም አመንኩ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ወገብ የለካሁ ሴት፣ ከገዛ ሜትሬ ይልቅ የስልክ ድምፅ አመንኩ።

በሦስተኛው ሳምንት መጻሕፍት ተሸክማ ደረጃ ስትወጣ ዞረባትና ወደቀች። መምህሩ ደግፈው ቤት አመጧት፤ ምን እንደነካት ቢጠይቋትም አልነገረቻቸውም። በማግሥቱ ቀሚሱን እንደገና አለበስኳት። ወገቧ አራት ሴንቲ ሜትር ቀንሷል፤ ቀሚሱ ግን አሁንም ትከሻዋን ወጥሮ ይዟታል። ያን ጊዜ ነቃሁ። ወገብ ይወፍራል፣ ዳሌ ይሰፋል፤ ትከሻ ግን አጥንት ነው፣ ቢርቡም ቢጠግቡም አይለወጥም። ወዲያው ኮምፒውተሩ ላይ በየጎኑ አሥር ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ሥዬ አተምኩና ማስመሪያ አኖርኩበት። ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ከአራት ሚሊ ሜትር ብቻ። “ማንኛውም ፕሪንተር” የተባለው ምርጫ ሳያስፈቅደኝ እያንዳንዱን ገጽ ከወረቀቱ ጠርዝ እንዲሸሽ አሳንሶት ኖሯል። ማስመሪያውን ለእህቴ ሰጠኋት፤ ራሷ ሁለት ጊዜ ለካችው። ከዚያ ወጥ ቤት ገባችና እንደቆመች መብላት ጀመረች። እኔ ስፒል የምለቅም መስዬ ጀርባዬን ሰጥቼ አለቀስኩ።

አምስተኛ፣ ወረቀቱንና ማስመሪያውን ይዤ መደብርዎ ስመጣ አማካሪዎ በትዕግሥት አስረዱኝ። ዋስትናው የሚሸፍነው ፕሪንተሩን እንጂ ቀሚስንም እህትንም አይደለም፤ ፕሪንተሩም ቢሆን ጤነኛ ነው፣ ከእኔ ኮምፒውተር ጋር አለመግባባቱ ብቻ ነው። ይህንኑ ለማወቅ ብርጭቋቸውን አንስተው ወረቀቴን ማንበብ ይበቃቸው ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ዕቃቸውን መናገር ቢከብዳቸው እህቴን ተናገሩ።

ሐሩ አልበቃ ስላለኝ ትከሻውንና ጎኑን ፈትቼ፣ በትከሻውም፣ በሁለቱም ጎን ከብብት እስከ ታችም ጠቆር ያለ ሐር አስገባሁበት። ሠርጉ ባለፈው ወር ተፈጽሟል። እንግዶቹ አሠራሩን አድንቀው፣ ሁለት ሴቶች እንደዚያው እንድሰፋላቸው አዘዙኝ። ይህን ፋሽን ያመነጨው መደብርዎ ነውና ምስጋናው ለእርስዎ ይድረስ።

ክቡርነትዎን ዕቃ እንዲለውጡልኝ አላስቸግርም። ፕሪንተሮቹ አጠገብ አንዲት ወረቀት ቢለጥፉ ግን ውለታዎን አልረሳም፦ የደንበኛው ኮምፒውተር በየትኛው ሲስተም ይሠራል? ፕሪንተሩስ ለዚያ ሲስተም ፕሮግራም አለው? በምን ይገናኛሉ፣ ገመዱስ አብሮ አለ? በትክክለኛ ልኩ ያትማል? ወረቀቷን የሚለጥፉት ደንበኛው ሳይሆን አማካሪው በሚያይበት በኩል ይሁን። ሌላው፣ አማካሪዎ ለእህቴ ደውለው ተሳስቼ ነበር ቢሏት መልካም ነው። እሷ አልጠየቀችም፤ የምጠይቀው እኔ ነኝ፤ በዚህኛውም አልቀልድም።

ሳይለካ የሚናገር ሰው ከደጅዎ እንዲርቅልዎ እየተመኘሁ፣ ለሰጡኝ ትምህርት ሁሉ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤

የሰውን ልክ በማወቅ የምትተዳደረው ልብስ ሰፊ ደንበኛዎ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ጨዋ ሴት ጉርድ ሊያሰፉ መጥተው፣ ለቤታቸው የትኛው ፕሪንተር እንደሚሻል አማከሩኝ። የኮምፒውተራቸውን ሁኔታ ጠይቄ ከመደብርዎ ማዶ ወዳለችው ትንሽ ሱቅ ላክኋቸው፤ ገዝተው እየሠራላቸው ነው። ባለቤትዎ መሆናቸውን የነገሩኝ ጉርዱን ሊወስዱ ሲመጡ ነው። እንዳልጽፈው ብለምናቸው፣ እርስዎ ቤት ውስጥ ሲነግሩዎት እንደማይሰሙ፣ ጋዜጣ ላይ ከወጣ ግን ምናልባት እንደሚያነቡት ገልጸው እንድጽፈው አደራ ብለውኛል።