የሚስቴ የኢየሩሳሌም ጠርሙስ

ግንቦት 10 ቀን 2017፣ እሑድ

ሚስቴ ኢየሩሳሌም ተሳልማ ያመጣቻትን ትንሿን የብርጭቆ ጠርሙስ ዛሬ ከአልማዝ አንገት ላይ አወረድኳት። የጥንት ተሳላሚዎችም ቅዱስ ዘይት ይዘው የሚመለሱት በእንዲህ ያለችው ነው ትለኝ ነበር። አልማዝ እህቷ ናት። ሚስቴ በተቀበረች ማግስት ከአልጋዋ ራስጌ አንስታ ወሰደቻት።

ዛሬ ሜሪላንድ አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ እሷ ቤት ማኅበር ነበር። ጠርሙሷን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የሰዉን ግንባር ትቀባለች። ሰዉም «እማማ ኢየሩሳሌም» ይላታል! ያ ስም ሄዶ ለተሳለመ ነው። የሚስቴ ነው።

«ጋሼ፣ ግንባርዎን ያምጡ» አለችኝ።

«አንቺ ከሜሪላንድ ወዲያ የት ተሳልመሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። ሰዉ ሳቀ። ክሩን በጥሼ ኪሴ ከተትኳት።

«ለኔ ነው የሰጠችኝ!» እያለች እስከ ፓርኪንጉ ተከተለችኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ገብቼ ከፈትኳት። የሚስቴ ዘይት የጽጌረዳ ሽታ ነበረው። ይሄ የወጥ ዘይት ነው። የሷን ጨርሳው ኖሯል።

የሚቀጥለው ማኅበር ተራው የኔ ነው። ዘይቱን አልደፋውም። መጀመሪያ የአልማዝን ግንባር እቀባበታለሁ፤ ከዚያ ከየትኛው ሱቅ እንደገዛችው ሰው ፊት እጠይቃታለሁ። የማኅበሩ ቄስ ታረቁ ይላሉ። ይበሉ።