ለቡና የተፈቀደ አየር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬም ከሐጂ ናስር ጋር ስጨቃጨቅ ውዬ ገባሁ። ቡና ነጋዴው ሐጂ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ከከፈቱ ወዲህ የአየር ጉድጓዱን የምነድፈው እኔ ነኝ። እኔ ባሰፋሁት ቁጥር እሳቸው ያጠብቡታል።

የቡ ከተማ ያለው የቡና ግቢያቸው ድረስ ሄጄ እንደገና አስረዳኋቸው። «ሐጂ፣ ጉድጓዱን የማስፋት ወጪ አንድ ጊዜ ነው። ከጠበበ ግን ማራገቢያው አየሩን ለመግፋት ዕድሜ ልኩን መብራት ሲበላ ይኖራል። ዛሬ የቆጠቡት ሁሉ በመብራት ይሄዳል። መብራት የጠፋ ቀንስ? ታች ያሉት ሰዎች ምን ይተንፍሱ?»

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣» አሉኝ ፈገግ ብለው፣ «ሰው እግር አለው። ሲያፍነው ይወጣል።»

ወይ ጉድ! ሰዎቹ ከታች የሚወጡበት መንገድ በእንብርክክ እየተዳኸ የሚወጣ መሆኑን እሳቸውም ያውቃሉ። ንድፌን ጠቅልዬ ተነሣሁ።

ግቢው ውስጥ አንዲት ሠራተኛ ማድረቂያ አልጋው ላይ ቡና ታሰጣለች። ሐጂ ገና ከሩቅ አይተው ጮኹባት። «ሳሳ አድርጊው እንጂ! አየር ካላገኘ ይሻግትብኛል፣ ወላሂ!»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ኢንጂነር፣ ለመጋዘኔም የአየር መስኮት ንደፊልኝ። ሰፋ ይበል፣ ስለ ወጪው አታስቢ። ቡና እግር የለውማ!»

አፌ እሺ አለ። ይኸው ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ቤቴ ቁጭ ብዬ መስኮቱን ነድፌ ጨረስኩ። ከሰዎቹ የአየር ጉድጓድ ይሰፋል።