አጎቴ የሚሸጠው ቤት

ይድረስ ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ባሉበት ባሕር ዳር።

እንደምን ሰነበቱ እናቴ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የእህቴን የማስተዋልን ቤት ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ አሁንም ያምዎታል? ሙቀቱስ እንቅልፍ ይሰጥዎታል፣ ወይስ እንዳምናው ጋቢውን ጥለው ወለል ላይ ነው የሚተኙት? ዓይንዎን ያየችው ሐኪም ጠብታውን ቀየረችልዎ? እኔና ባለቤቴ ዮርዳኖስ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሰቆጣ ሰሞኑን ትንሽ ካፊያ ጣል አድርጎባት አቧራው ረግቷል።

ማስተዋል፣ ይህን ለእናታችን የምታነቢላት አንቺ ነሽና አደራሽን፣ የሚያናድደውን እየዘለልሽ እንዳታነቢ። እናቴ፣ ነገሩን በስልክ ልነግርዎ ሞክሬ ነበር። ግን ገና ሰላምታው ሳያልቅ ያለቅሳሉ፤ እርስዎ ሲያለቅሱ ደግሞ እኔ እዋሻለሁ። «ቤት አገኘህ ወይ?» ባሉኝ ቁጥር «ሊገኝ ነው» እያልኩ ይኸው ስድስት ወር ሞላኝ። አልተገኘም። ለምን እንዳልተገኘ ዛሬ እውነቱን ልንገርዎ፤ ነገሩ እስከ ጉሮሮዬ አንገሽግሾኛል።

የፃግብጂው ቤታችን በዚያ ክፉ ጊዜ ከፈረሰ ወዲህ ሐሳቤ እርስዎን ወደ አገርዎ መመለስ ብቻ ነው። እኔና ዮርዳኖስ የምንከራያት ክፍል ሁለት አልጋ አታስዘረጋም፤ አከራያችንም ለልጃቸው ስለሚፈልጓት እስከ ሰኔ መጨረሻ ልቀቁ ብለውናል። ከብየዳ ሥራዬ ያጠራቀምኩትን ማስተዋል ከላከችው ጋር ስናደርገው ለአንድ መጠነኛ ቤት ይበቃል። ማለቴ፣ ሰው ሰው ቢሆን ኖሮ ይበቃ ነበር።

መጀመሪያ ያየሁት ከገበያው በላይ ያለውን የአቶ ተስፋውን ቤት ነው። እኔ በርና መስኮት ስበይድ የምውል ሰው ነኝ፣ የቤት በሽታ አይጠፋኝም። ቆርቆሮው ዝጎ ሰማይ ያሳያል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ስንጥቁ ላይ የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል ሰቅለውበታል። ሥዕሉን ተሳልሜ ቀና ላደርገው ብል እጄ እስከ አንጓው ግድግዳው ውስጥ ገባ። ዋጋው ሁለት ሚሊዮን ነው አሉኝ። ትንሽ ቢቀንሱልኝ ብላቸው፣ ወይዘሮ ጥሩሐረግ ከዚህ ያነሰውን ቤታቸውን በሁለት ሚሊዮን ሸጠዋል፣ እኔ ምን ስሆን እቀንሳለሁ አሉኝ።

እኔም ነገሩን ላጣራ ወይዘሮ ጥሩሐረግ ዘንድ ሄድኩ። ቤታቸው አልተሸጠም! ሦስት ዓመት ሙሉ ተቆልፎ አይጥ ይራባበታል። ታዲያ ሁለት ሚሊዮን ከየት መጣ ብላቸው፣ «ተስፋው ሁለት እያለ እኔ ከማን አንሼ?» አሉኝ። አንዱ የሌላውን አፍ እያየ ዋጋ ይቆልላል፤ አንድም የሸጠ የለም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው። ቤታቸው በየክረምቱ እየተናደ እነሱ ዋጋውን ታቅፈው ይቀመጣሉ፣ ቤት ያጣ ሰው ደግሞ ፍራሹን ተሸክሞ ከግቢ ግቢ ይዞራል። ቀንሱ ሲባሉ «ሽጡ ብሎ ያስገደደኝ የለ» ይላሉ። እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ምራቄን እንትፍ ማለት ያምረኛል፤ እርስዎ ያሳደጉኝ ልጅ ሆኜ እንጂ።

የደበቅሁዎት ግን ከዚህ የሚቀጥለውን ነው። አጎቴ ወልደ ሐዋርያት የአያቴን ቤት፣ እርስዎ የተወለዱበትን፣ ለሽያጭ አውጥቶታል። ይቅር ይበሉኝ፤ ታናሽ ወንድምዎ ነውና አንቱ እያልኩት ነው ያደግሁት፣ አሁን ግን አፌ እምቢ አለኝ። አያቴ ያረፉ ጊዜ እርስዎ «እኔ ባሌ ቤት አለሁ፣ ድርሻዬን ለወንድሜ ትቻለሁ» ብለው በሽማግሌ ፊት የተዉለት ቤት ነው እኮ። እሱ ዛሬ መንገድ ዳር የብሎኬት ቤት ሠርቶ ገብቷል፤ አሮጌውን ለሚነግደው ሲሚንቶ ማከማቻ አድርጎታል። እርስዎ የተወለዱበት ጓዳ እስከ ጣሪያው ድረስ ኩንታል ነው። በምሥራቅ በኩል ያለው ግድግዳ ሆዱን ነፍቷል፣ ሽንት ቤቱ ተደርምሷል። ለዚህ ሁሉ ሁለት ሚሊዮን ተኩል አለኝ። «ለባዳ ሦስት ነው፤ አንተ የእህቴ ልጅ ስለሆንክ ነው» ሲለኝ ትንሽ እንኳ አላፈረም። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይላሉ፤ ለእኔ የደረሰኝ አመዱ ነው።

እኔ ሞኙ ደግሞ ሽማግሌ ላክሁበት። ለሚስት እንደሚላከው! የነፍስ አባታችንን አባ አሥራተ ማርያምን፣ የምሠራበትን ብየዳ ቤት ባለቤት መንግሥቴንና የሱቅ ጎረቤታችንን ሐጂ ኸሊልን ለምኜ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጭ በነጭ ለብሰው ሄዱልኝ። አጎቴ ከደጅ ወጥቶ ተቀበላቸው። ለሁለቱ ጠላ፣ ለሐጂ ኸሊል ለስላሳ አስቀረበ። የመጡበትን ነገር እስከ መጨረሻው አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው። ከዚያም ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች የተላኩበት ቤት ርካሽ ቤት እንዳልሆነ አሁን ገባኝ ብሎ ሁለት መቶ ሺህ ብር ጨመረበት!

ሽማግሌዎቼ ያፈሩትን ማፈር ባዩ። ሐጂ ኸሊል ብቻ ሳቃቸው አመለጣቸውና፣ «የኔ ልጅ፣ እኛ ነጋዴዎች የወደድነውን ዕቃ ዘወር ብለን እንዳላየን ሆነን ነው የምናልፈው። አንተ ቄስ ከነመስቀላቸው ትልክበታለህ?» አሉኝ። ዮርዳኖስ እስክታነባ ድረስ ሳቀችብኝ። እኔ ግን የዚያን ቀን ምሳዬን መብላት አልቻልኩም።

ምሳ የከለከለኝ ዋጋው አይደለም። አባ አሥራተ ማርያም ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ እህትህ ድርሻዋን የተወችልህ አንተ ቤት እንዳታጣ ብላ ነበር፣ ዛሬ ማረፊያ የቸገራት እሷ ናት ቢሉት፣ «የተወችው ወዳ ነው አባ። ካማራት እንደማንኛውም ሰው ከፍላ ትግባ» አላቸው። አባ ይህን ሲነግሩኝ መሬት መሬቱን ነበር የሚያዩት። እርስዎ ከእናታችሁ ሞት በኋላ በጀርባዎ አዝለው ያሳደጉት ልጅ አይደለም እንዴ? ከዚያን ቀን ጀምሮ በብሎኬቱ ቤት በኩል ማለፍ ትቼ በላይ መንገድ እዞራለሁ፤ ፊቱን ማየት ያቅለሸልሸኛል።

እንዲህ ሆነን ሳለ ያለፈው ማክሰኞ ራሱ ሁለት ኪሎ ስኳር አንጠልጥሎ ብየዳ ቤት ድረስ መጣ። «ምንዋጋው ልጄ» አለኝ! ነገሩ ወዲያው ሸተተኝ። ለካስ አንድ ገዥ መጥቶ፣ ገና ዋጋ ሳይከራከሩ፣ መጀመሪያ ካርታውን አሳየኝ ብሎት ኖሯል። ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ቢጠይቅ ካርታው እስከ ዛሬ በአያቴ ስም ነው። ትቻለሁ ያሉት ቃል በአፍ ብቻ ቀርቷል፣ የሰሙት ሽማግሌዎችም ሁሉም አርፈዋል። ሟቹ ሁለት ልጆች ስላላቸው ሁለቱም ካልፈረሙ አይሸጥም ብለው መለሱት። ሁለት ዓመት ሙሉ ዋጋ ሲቆልል የከረመ ሰው አንድ ቀን ወረቀቱን ገልጦ አላየም!

ታዲያ ደብዳቤ ጻፍልኝ፣ እናትህ እዚያው ሆና ውክልና ትላክልኝ፣ የአንድ ጣት ነገር ነው ብሎ ለመነኝ። ስንት ልትሰጣት ነው ብዬ ጠየቅሁት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እህት በወንድሟ ላይ ዋጋ ትጠራለች እንዴ? ነውር አይደለም?» እናቴ፣ የያዝኩት ብረት ከእጄ ወደቀ። መንግሥቴ እንኳ ሥራውን አቁሞ ወደ ውጭ ወጣ። ስኳሩን መልሼ አስያዝኩትና እሺ፣ እጽፋለሁ አልኩት። ይኸው ጻፍኩ።

መንግሥቴ ክሰሰው ይለኛል። ዮርዳኖስ ደግሞ የዋጋውን እኩሌታ ጠይቀው ትለኛለች። ሕጉም ሳይፈቅድ አይቀርም። የእኔ ምክር ግን ሌላ ነው፤ ውክልና አይላኩ፣ ራስዎ ይምጡ። ሐጂ ኸሊል እናታቸው ይኖሩባት የነበረችውን ከግቢያቸው ያለችውን ቤት ሊያከራዩን ነው። ሁለት ክፍል ናት፣ ደረጃ የላትም፣ ጠዋት ፀሐይ ከደጃፏ ይገባል። ስለ ኪራዩ ስጠይቃቸው እናትህ መጥታ ቤቷን ትውደዳትና እንነጋገራለን አሉኝ። የምንፈልገው ቤት ሆነም አልሆነም፣ ከሰኔ በፊት ማረፊያ አለዎት።

ሲመጡ ወደ አያቴ ቤት እወስድዎታለሁ። አጎቴ ሲሚንቶውን ያስወጣ፣ ጓዳውን ይጥረግ፣ ወንበር ያቅርብልዎ። እርስዎ እዚያ ተቀምጠው፣ ለአባ አሥራተ ማርያም የነገራቸውን ቃል ዓይን ዓይንዎን እያየ ለእርስዎም ይንገርዎ። መናገር ከቻለ ያኔ ጣትዎን ይስጡት፤ ቀለሙን እኔ እይዝልዎታለሁ።

ለእህቴ ለማስተዋል እጅ ነሥቻለሁ፤ አንብበሽ ስትጨርሺ ወንበዴ፣ ሌባ እያልሽ እናታችንን እንዳታስጨንቂያት፣ ስድቡን ለእኔ አቆዪልኝ። ለአማችዎ ለአንዷለም፣ የአውቶቡሱን ትኬት የሚቆርጥልዎ እሱ ነውና፣ መስኮት ዳር ይሁን በሉልኝ። ሁለቱን ልጆች ሳሙልኝ። ዮርዳኖስ እግርዎን ስማለች፤ አባ አሥራተ ማርያም በጸሎት ያስቡዎታል፣ ሐጂ ኸሊልም ሰላምታ አቅርበዋል። አጎቴም ሰላም በልልኝ ብሎኛል፤ አደራ ነውና አድርሻለሁ።

ልጅዎ ምንዋጋው

ሰቆጣ፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.