ጥቁሩን መነጽር አትፈልገው

ፔዳል፣

መነጽርህን ይዤው የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ቤቱን አታተራምስ።

ዛሬ በብስክሌትህ የፋርማሲውን መድኃኒት ለደንበኞች ስታደርስ ከዚህ ወረቀት ስር ያለውን ቡናማውን መነጽር አድርግ። ፊትህ ላይ አያምርም፣ ግን የፀሐይ ጨረር ይከላከላል፤ መነጽር ቤት በመሣሪያችን ለክቼዋለሁ። ጥላ ያለውን ኮፍያህንም ከሄልሜቱ ስር አድርግበት።

አሁን ዋናውን ልንገርህ።

ከሁለት ወር በፊት መነጽርህን ሶፋው ላይ ትተኸው ተቀመጥኩበትና አንዱ ሌንስ ተሰነጠቀ። መነጽር ሠሪ ሆኜ መነጽር ሰበርኩ ማለት አሳፈረኝ። ለማሳያ ፍሬም የምንገጥመውን ጥቁር ፕላስቲክ ቆርጬ ሁለቱንም ቀየርኳቸው። እሱ ያጨልማል እንጂ ጨረር አያግድም። ከባዶ ዓይንም ይብሳል፤ ዓይንህ የጨለመ መስሎት ብሌኑን ሲከፍት ጨረሩ ዘው ብሎ ይገባል። ይሄን ለደንበኛ በቀን አሥር ጊዜ እናገራለሁ።

አንተ ግን "ወልውለህ አዲስ አስመሰልክልኝ፣ ተባረክ" ብለህ አመሰገንከኝ። እኔም ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ዓይንህ ሲቀላ "አቧራ ነው" አልክ። እኔም "አዎ፣ አቧራ ነው" አልኩህ። ትናንት እራት ላይ "መብራቱ ወጋኝ፣ አጥፋው" ስትለኝ ግን አቧራ ነው ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ትክክለኛውን ሌንስ ዛሬ እገጥምልሃለሁ።

በአሥር ሰዓት ከኛ ሱቅ በላይ ፎቅ ላይ ያለችው የዓይን ሐኪም ትጠብቅሃለች። እንዳትቀር። ሕመሙ ከመቼ ጀምሮ ነው ስትልህ፣ እኔን ካመሰገንክበት ቀን ጀምሮ በላት።